ለጋሽ አሰፋ ጥፋት ፍለጋ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል ቁጭ ብዬ የዓሣ ሾርባዬን ፉት እያልኩ ስልኬ ጮኸ። ሐኪሙ ጥብሱን ከልክሎ ሾርባውን ፈቅዶልኛል፤ እኔም ሾርባውን የምጠጣው ከጎረቤት ጠረጴዛ የሚመጣውን የጥብስ ሽታ ለመስረቅ ነው። የደወለችው ዘነበች ነበረች፤ የድሮ መሥሪያ ቤታችን ጸሐፊ።

"ወንድሙ፣ ቁጭ ብለሃል?"

በእኛ ዕድሜ እንዲህ ብሎ የሚጀምር ስልክ ደግ ነገር ይዞ አያውቅም።

"ጋሽ አሰፋ አረፉ" አለችኝ።

ሾርባው ከነሳህኑ ሱሪዬ ላይ ተደፋ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ "ይኸው ሞተውም ሱሪዬን አበላሹት" የሚል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው። ያኔ ባጃጅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሐዋሳ የጋሪ ከተማ ነበረች። እኔ መንገድ በሚጠግን አንድ መሥሪያ ቤት የኮንትራት ሠራተኛ ነበርኩ፤ አንገቴ ቀጭን፣ ምላሴ ረጅም፣ ሱሪዬ አንድ። ጋሽ አሰፋ አለቃችን ናቸው። ተጠግኖ ያለቀ መንገድ ከመኪና መስኮት አይተው የሚረከቡ ሰው አልነበሩም። ጋሪ ያስቆማሉ፤ እስከ አፉ የሞላ አንድ ብርጭቆ ሻይ ያስመጣሉ፤ እኔን ያስይዙኛል፤ ከጎኔ ይቀመጡና ባለጋሪውን "ንዳው!" ይሉታል። ሻዩ ከፈሰሰ መንገዱ እንደገና ይቆፈራል። ካልፈሰሰ ሻዩ የእኔ ነው። ከጠጣሁት ሻይ ይልቅ የለበስኩት ይበልጣል።

"በዚህ መንገድ ምጥ የያዛት ሴት በጋሪ ትሄድበታለች" ይሉን ነበር። "እሷ ከሻይ ብርጭቆ ታንሳለች?"

ከዚያ በኋላ ጠጠር በግዴለሽነት የሚበትን ሰው ከመካከላችን ጠፋ። እኔ እንኳ፣ ሰነፉ፣ ድንጋይ ሳስቀምጥ ሴቲቱ ትታየኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ ግምገማ መጣ። ግምገማን ላልደረሰባችሁ ላስረዳ፦ ሠራተኛው አዳራሽ ይሰበሰባል፤ አለቃው ተነስቶ የራሱን ጥፋት ይናገራል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ሰው እየተነሳ ያልተናገረውን ይጨምርለታል። ዝም ያለም "ለምን ዝም አልክ?" ተብሎ በተራው ይገመገማል። ከበላይ የተላከው ሰብሳቢ የቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን ለብቻዬ አስጠራኝ።

"ቋሚ መሆን ትፈልጋለህ አይደል?"

"እፈልጋለሁ።"

"አለቃህ 'የድሮ መንገድ ይሻል ነበር' እያለ እንደሚያወራ ሰምተናል። ነገ ተነስተህ የሰማኸውን ትናገራለህ። ምን ማለት እንደሆነ እኛ እናውቃለን።"

እኔም አውቄዋለሁ። የድሮ ሥርዓት ናፋቂ የተባለ ሰው ወንበሩ ላይ አያድርም፤ ጋሽ አሰፋ ደግሞ ከደመወዛቸው በቀር ምንም የሌላቸው የልጆች አባት ናቸው። በእኔ በኩል ታቦር ሰፈር በተከራየናት አንዲት ክፍል ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ተቀምጣለች። ያን ቀን ምሳ አልወርድ ብሎኝ ነበር፤ ምሳ ያልወረደልኝ በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

ጋሽ አሰፋን መንገድ ዳር ቆመው የተጠበሰ በቆሎ ሲበሉ አገኘኋቸውና ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ከዚያ በቆሎውን ለሁለት ሰብረው ግማሹን ሰጡኝ።

"እኔ ተነስቼ ደግነትዎን ነው የምናገረው" አልኩ በጀግንነት።

"አመስግነኸኝማ ገደልከኝ! 'አጨብጫቢ ሰብስቧል' ይሉኛል። ዝም ካልክ ደግሞ አንተን ይበሉሃል። እውነተኛ ጥፋት ፈልግልኝና እሱን ተናገር።"

"ምን ጥፋት አለብዎት ጋሼ?"

"ይኸው! ይህን ያህል ጊዜ አብረኸኝ ሠርተህ አንድ ጥፋት አላየህብኝም? ምን ስትሠራ ኖርክ ታዲያ? ሂድ፣ ለዘነበችም ለሾፌሩ ለሁሴንም ንገራቸው። ደግሞ ውሸት እንዳትጨምሩ።"

በማግስቱ ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድበዋል። ድምፄን እንዲውጥልኝ ተስፋ አድርጌ ነበር። ጋሽ አሰፋ የራሳቸውን ባጭሩ ተናግረው እንደተቀመጡ፣ ሰብሳቢው "ወንድሙ፣ አንተ ጀምር" አለኝ። ስነሳ ዝናቡ ቀጥ አለ። ጋሽ አሰፋ ከፊት ተቀምጠው እጃቸውን አጣምረው ጫማቸውን ያያሉ።

"በአቶ አሰፋ ላይ ሂስ አለኝ" አልኩ።

ሰብሳቢው ብዕሩን አነሳ።

"ሻይ... ሻይ ይደፉብኛል።"

ብዕሩ አየር ላይ ቀረ። ስለ ጋሪው፣ ስለ ብርጭቆው፣ ስለ ሱሪዬ ተናገርኩ። አንዲት ጥግ በሁለት ጣት ስፋት ጎድጉዳ ብትገኝ ሙሉውን መንገድ እንዳስቆፈሩን ተናገርኩ። ከኋላ ሳቅ ታፍኖ ፈነዳ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ።

"ቀልድ አቁም! የድሮ መንገድ ይሻላል ይላል ወይስ አይልም?"

የሚስቴ ሆድ ታየኝ። ጋሽ አሰፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ፤ ውሸት እንዳትጨምሩ ያሉት ያ ዓይን።

"ይላሉ" አልኩ።

ብዕሩ መጻፍ ጀመረ።

"ግን የድሮውንም መንገድ በሻይ ፈትነውታል። ፈሰሰ። እሱንም አስቆፈሩን። የትኛውም ዘመን የሠራው መንገድ አልተረፈም፤ የእኔም ሱሪ።"

ብዕሩ ቆመ። ሁሴን ሾፌሩ ሳይጠሩት ተነሳ፤ "መኪና ውስጥ ያንጎራጉራሉ፤ ድምፃቸው አይረባም፣ ጎማ የተነፈሰ እየመሰለኝ ስንቴ ወርጃለሁ" አለ። ዘነበች ቀጠለች፤ "ጽሑፋቸው አይነበብም፤ ዓይኔን ጨረሱት።" ሰው በየተራ ተነሳ። እውነተኛ ጥፋት ብዙ ነበረባቸው ለካ! ናፋቂ የሚል ግን ከአንድም አፍ አልወጣም። በመጨረሻ ጋሽ አሰፋ ቆሙ።

"ሂሱን ተቀብያለሁ" አሉ። "ለማረም እሞክራለሁ።"

በማስጠንቀቂያ አለፉ። የእኔ ቋሚነት ግን በዚያው ዝናብ ታጥቦ ሄደ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። ልጄ የተወለደችው በኮንትራት ነው እያልኩ እቀልድባታለሁ። እናቷን ሐኪም ቤት ያደረስኳት በጋሪ ነበር፤ እኛ በጠገንነው መንገድ። መንገዱን ሁሉ የማየው ሚስቴን ሳይሆን ጎማውን ነበር። እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች።

ከቀብር በኋላ ምሥራቅ ሰፈር ወደተተከለው የለቅሶ ድንኳን በባጃጅ ሄድኩ። አንጀቴ እስኪላቀቅ አነጠረኝ፤ ሻይ ብይዝ ኖሮ ብርጭቆውም አይተርፍም ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ያመሰግናቸዋል። ዛሬ ማመስገን ማንንም አያስከፍልም፤ ደስ ይላል። እኔ ግን እየሰማሁ ያ "እውነተኛ ጥፋት ፈልግልኝ" ያሉት ትእዛዛቸው ትከሻዬ ላይ ከበደኝ። ተናገር ሲሉኝ ተነሳሁ።

"በጋሽ አሰፋ ላይ ሂስ አለኝ" አልኩ። ልጆቻቸው ደነገጡ። "ያን ጊዜ ሂሱን ተቀብያለሁ ብለው ነበር፤ አላረሙም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሻዩን እኔኑ አስያዙኝ።"

ቆሜ መልስ ጠበቅሁ። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። ከሴቶቹ በኩል የዘነበች ድምፅ መጣ፣ እየሳቀ፣ እንባም እያነቀው፦

"ተቀብለዋል። አሁን ተቀመጥ፣ ወንድሙ።"

ተቀመጥኩ። አንዱ የልጅ ልጃቸው እስከ አፉ የሞላ ሻይ አምጥቶ በእጄ ሰጠኝ። ጋሪ በሌለበት፣ ጉድጓድ በሌለበት፣ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ።