ለአባቴ ግመል የወጣለት ሰኔ

«ታዲያ ሄደህ ይቀየርልኝ በላቸው» ትላለች እናቴ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምጿን አፍና፤ «ጥንቸልም ይሁን ጅግራ የፈለጉትን ይስጡህ፣ ብቻ ይቺን ግመል ይውሰዱልን።»

«ወረቀቱ ታትሟል እኮ አስካለ።»

«ይታተማ። ግመልህ ዝሆናቸውን ስትቀድም ታትሟል ብለው ይምሩሃል?»

አባቴ ምሳው ፊቱ ቀዝቅዞ፣ የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ እየፈታ መልሶ ይቆልፋል፤ በእኛ ቤት የእሱ ፍርሃት የሚታወቀው በዚያ ቁልፍ ነበር።

ይህ የልጅነቴ ክርክር ትናንት ጅጅጋ ገበያ መሀል መጣብኝ። አንዲት ወተት ሻጭ የዕቃዋን ክዳን ስታነሳ በእንጨት ጭስ የታጠነው የግመል ወተት ሽታ አፍንጫዬን መታኝና፣ ሰው እየተጋፋኝ እንደቆምኩ ልቤ ወደ ደምበል በሚወስደው የኮረት መንገድ ዳር ወደተቀመጠችው ትንሽ ከተማችን ሄደ፤ ወደ አንዱ ሻይ ቤት፣ ወደ ብርካው፣ ክረምት ጠብቆ የሚሞላውና በበጋ ታቹ የሚሰነጣጠቀው የውሃ ጉድጓዳችን፣ በጦርነቱ ጥይት የተበሳሳ ቆርቆሮ ወደለበሰው ትምህርት ቤት፣ ፀሐይ በየቀዳዳው ገብታ በደብተራችን ላይ ሳንቲም ሳንቲም የሚያካክሉ ብርሃኖች ወደምትበትንበት ክፍል።

አባቴ በዚያ ክፍል ያስተምር ነበር። ከሰላሌ ተመድቦ የመጣ ሰው ነው፤ የከተማው ሰው ግን ስሙን ትቶ «መዓሊን» ይለዋል፣ በሶማሊኛ መምህር ማለት ነው። ጦርነቱ መጥቶ ከተማዋ ባዶዋን ስትቀር እኛም ወደ ሐረር ሸሸን፤ እኔ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ ይሉኛል። ነገሩ ሲበርድ ሌሎቹ መምህራን ዝውውር እየለመኑ በየአገራቸው ሲቀሩ፣ እሱ ጠመኔውን በኪሱ ይዞ ተመለሰና የተገኘውን ልጅ ከከተማው ትልቅ ግራር ሥር ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። ስለዚህ ነገር ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ዝውውሩ ስላልተፈቀደልኝ ነው የተመለስኩት ብሎ የሚቀልድ ሰው ነበር።

የምርጫ ክልላችን ታሪክ በአንድ ብርጭቆ ሻይ የሚያልቅ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደሚያወሩት በጃንሆይ ጊዜ አንድ እንደራሴ ተመርጦ ጉድጓድ አስቆፍራለሁ ብሎ አዲስ አበባ ሄደ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲመለስ ያመጣው ወፍራም ካፖርት ብቻ ነበር፤ በዚያ ሙቀት ካፖርቱን ለብሶ፣ ጉድጓዱ ይቆፈርበታል በተባለው ቦታ እየተቀመጠ አረጀ። በሚቀጥለው ምርጫ ማን እንደተመረጠ የሰማም የለም። ደርግ ሲመጣ ደግሞ ምርጫው እጅ ማውጣት ሆነ፤ ክንዱ አልነሳ ያለው አንድ አዛውንት ተቃዋሚ እንዳይባል ልጁ ከኋላው ቆሞ ክንዱን ደግፎ ያነሳለት ነበር።

ከዚያ የሸንጎ ምርጫ መጣ። እኔ አስር ዓመት ሆኖኛል። ለእኛ ክልል ሦስት ዕጩ ያስፈልጋል ተባለ፤ አንዱ እንዲመረጥ፣ ሁለቱ ምርጫ እንዲያስመስሉ። የሚመረጠው ከጅጅጋ በላንድሮቨር የሚመጣ ጓድ ነበር። ለማሟያ የክሊኒኩን ድሬሰርና አባቴን ጨመሩ። ማንበብ የማይችለው ብዙ ስለሆነ ለየዕጩው የእንስሳ ሥዕል ተሰጠ፤ ለጓዱ ዝሆን፣ ለድሬሰሩ አጋዘን፣ ለአባቴ ግመል። ሥዕሉን ያደለው የቢሮ ሰው ደገኛ መሆን አለበት። ለእሱ ከእንስሳ ሁሉ ትልቁ ዝሆን ነው፤ ግመል ጨው የምትጭን፣ ከንፈሯ የተንጠለጠለ ነገር ናት። በግመል ሚስት በሚታጭበት፣ በግመል የደም ካሳ በሚከፈልበት አገር፣ ግመልን ለማሟያ ሰጠ። ዝሆንን የእኛ ሰዎች የሚያውቁት ከወደ ባቢሌ በሚመጣ ወሬ ነው፤ የሰው ማሽላ ረግጦ ይሄዳል በሚል ወሬ።

ሥዕሉ በየግድግዳው በተለጠፈ ማግስት አባቴ ከቤት ሲወጣ እረኞች ከሩቅ በምላሳቸው እየጮኹ፣ ግመል ወደ ውሃ እንደሚጠሩት አድርገው ጠሩት። ሳቀ። ጓዱ በሻይ ቤቱ በር ሲያልፍ ትከሻውን ይዞ «መምህር፣ ግመልህ ትሮጣለች ይባላል፤ ያዝ አድርጋት እንጂ» ያለው ቀን ግን አልሳቀም። ያን ቀን ነው ምሳው የቀዘቀዘው።

አባቴ በራሱ ላይ መቀስቀስ ጀመረ። ከትምህርት በኋላ እጄን ይዞ ወደ ብርካው ይወርድና ከብት ለሚያጠጡት ሰዎች ስለ ዝሆን ጉልበት ያስረዳቸዋል፤ አስተዋይ ነው፣ ያየውን አይረሳም፣ ረጅም ዕድሜ ይኖራል። ሰዎቹ በትራቸው ላይ ተደግፈው በአክብሮት ያዳምጡታል። አንዷ ሴት አንድ ጊዜ «ይታለባል?» ብላ ጠየቀችው። «አይታለብም» አለ። «ይጫናል?» «እዚህ አገር አይጫንም።» «ታዲያ መዓሊን፣ ለምን ነው የምትሸጥልን?» ስትለው ብርካው ዙሪያ ያለው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፤ የአባቴ እጅ በእጄ ውስጥ ማላቡን ግን አስታውሳለሁ።

ምርጫውን ዝሆኑ ወሰደው። ጓዱ አዲስ አበባ ገባ፤ ላንድሮቨሩንም ዳግመኛ አላየነውም። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲወድቅ ሸንጎውም እንደራሴውም አብረው ጠፉ፤ ስለ እነሱ የጠየቀ ሰው አልነበረም። አባቴን ማንም አልነካውም። አስተማረ፣ ታመመ፣ ጅጅጋ በኪራይ ቤት ሞተ። ሰዉ እስከ መጨረሻው በአክብሮት ሰላም ይለው ነበር፣ ልጁንም እንዲያስተምርለት ይልክለት ነበር። ነገር ግን ከዚያ ሰኔ በፊት ሽማግሌዎቹ ከግራሩ ሥር ለምክር ሲቀመጡ ጠጋ ብለው ቦታ ይለቁለት ነበር፤ ከዚያ ሰኔ በኋላ ግን ሰላምታ ሰጥተውት፣ እሱም አጸፋውን መልሶ፣ በክበቡ ዳር አልፎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ሲያልፍ ፍጥነቱን የሚጨምር ይመስለኝ ነበር። ሰው ቦታ ሲነፈግ አይቻለሁ፣ ብዙ ጊዜ፤ አባቴ ግን ቦታው ተሰጥቶት ነበር። ምን ያህል እንደተሰጠው የማውቀው፣ ምርጫው ሊደርስ ሲል በአንድ ከሰዓት በኋላ በእሱና በአንድ ሽማግሌ መሀል ስለተቀመጥኩ ነው።

የሽማግሌዎቹ ታላቅ ሐጂ ኑር ቤታችን መጣ። አባቴ ሶማሊኛ የገበያውን ያህል ይችላል፣ ሐጂ ኑር አማርኛ የቢሮውን ያህል፤ ለዚያ ቀን ጉዳይ ሁለቱም አልበቃቸውም። እኔ ከልጆቹ ጋር ያደግኩ ስለሆንኩ መሀል አስቀመጡኝ። አባቴ፣ ሥዕል እኮ ነው በይልኝ አለ፤ ሰው ለሥዕል ብሎ እኔን ገደል እንዳይከተኝ፣ ግመል የሚባለውን ይተው።

ነገርኩት። ሐጂ ኑር ጢሙን ይዞ ቀስ ብሎ ሳቀ።

«ዕድሜዬን በግመል ጭራ ስር ነው የጨረስኩት» አለ። «በወረቀት ላይ ያለችው እንደማትታለብ የማናውቅ መሰለው?» ከዚያ ሳቁን ተወና እኔ እንድከተለው እያረፈ ተናገረ። ከግራሩ ሥር ተቀምጠው መክረዋል። ሁሉም ሲሄድ የተመለሰው መዓሊን ነው፤ ልጆቻቸውን ከነአያቶቻቸው ስም የሚጠራው መዓሊን ነው፤ ሥዕሉ ዛፍ ቢሆን ዛፉን፣ ጅብ ቢሆን ጅቡን ይመርጡ ነበር። «ከዛፍ ሥር የተባለ ነገር አይመለስም፤ ይህን ንገሪው።»

ነገርኩት። የአባቴ እጅ ወደ ቁልፉ ሄደና ቆመ። እንዲህ ያለ ፊት በእሱ ላይ አይቼ አላውቅም፤ አንድ ትንሽ ልጅ በሰው ፊት ሲመሰገን የሚሆነው ዓይነት ነው። እናቴ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ አንድ ጊዜ አሳለች። ያ ፊት ጠፋ።

«ዝሆኑን ምረጡ በይው» አለኝ። «ልጆች አሉኝ በይው።»

በሶማሊኛ ስናገረው ከአማርኛው ይልቅ አጠረ። ሐጂ ኑር አባቴን አላየውም፣ እኔን ነው ያየው።

«እናንተ ስንት ናችሁ?»

«ሦስት ነን።»

 «ለምኖናል» አለ ሐጂ ኑር። «የለመነ ሰው ባዶ እጁን አይሸኝም። ዝሆኑን እንመርጣለን፤ ልጆቹን ሰጥተነዋል በይው።»

ያን አልተረጎምኩትም፤ አባቴ ገብቶት ነበር፣ አንገቱን ደፍቷል። ሽማግሌው በትሩን አነሳ፣ ራሴን በመዳፉ ዳሰሰኝ፣ ጫማውን ደፉ ላይ አጥልቆ ወጣ። በራችን ቀን ቀን ተዘግቶ አያውቅም፤ የከተማው በር ሁሉ እንደዚያ ነው። ሐጂ ኑር ከውጭ ዞር ብሎ፣ ሳያላትመው፣ በሩን ቀስ አድርጎ ሳበና ግጥም አድርጎ ዘጋው።