አጎቴ ሊያነቡት ያልፈለጉት ውል

በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጀርመን አገር ሆኽስት በሚባለው ሰፈር፣ በአጎቴ ሳሎን ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። አጎቴ፣ ከኬሚካል ፋብሪካው ጡረታ ከወጡ ወዲህ በማይለቁት ወንበራቸው ላይ፣ ለመስኮቱ ጀርባቸውን ሰጥተው። ባለቤታቸው፣ ከአረጋውያን መጦሪያው የጠዋት ፈረቃ እንደተመለሱ፣ የሥራ ጫማቸውን ሳያወልቁ። ሴት ልጃቸው፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ምንጣፉ ላይ። ከአንድ የግል አበዳሪ ድርጅት የመጣ ሰው፣ የአገራችን ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያን የምንተዋወቀው። አምስተኛው እኔ፣ በሩ አጠገብ።

ጉዳዩ የእኔ ነበር። የምህንድስና ኮሌጅ ተቀብሎኛል። አየር ማረፊያ ሻንጣ እየጫንኩ፣ ሒሳቡንም ጀርመንኛውንም ብቻዬን ከመጽሐፍ ተምሬ ያገኘሁት ቦታ ነው። ትምህርቱን ከጀመርኩ ሥራውን መልቀቅ አለብኝ፤ ከለቀቅኩ ደግሞ የቤት ኪራይ የምከፍልበት የለኝም። ባፎግ የሚባለውን የመንግሥት የተማሪ ድጋፍ ጠይቄ ነበር። ግማሹ ስጦታ፣ ግማሹ ወለድ የሌለው ብድር ነው፤ መክፈል የሚጀመረው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ዋስ አይጠይቅም። ግን የወላጆችህን ገቢ አስረዳ ይላል። እናቴ አገር ቤት ገበያ ላይ በርበሬ ቸርቻሪ ናት፤ የደመወዝ ወረቀት የሚባል ነገር በሕይወቷ አይታ አታውቅም። ከቀበሌ ያስጻፍነው ማስረጃ ተተርጉሞ ገብቷል፤ መልስ የለም። የፖስታ ሳጥኔ ባዶ ሲሆንም፣ አንድ ነገር ሲገኝበትም፣ እኩል እፈራ ነበር።

የግሉ አበዳሪ ግን ቤት ድረስ መጣ።

"ጋሼ፣ የቀረው የእርስዎ የዋስነት ፊርማ ብቻ ነው" አለ ሰውየው ውሉን ጠረጴዛው ላይ እየዘረጋ። "ገንዘቡ በዚሁ ወር ይገባለታል። የመንግሥቱን ቢሮ ቢጠብቅ እኮ ጺሙ ይሸብታል።"

"ጺም የት አለውና!" አሉ አጎቴ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ።

ውሉን አስቀድሞ ልኮልኝ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ አንብቤዋለሁ። ወለዱ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይቆጠራል፤ ሊጨምርም ይችላል። ያስፈራኝ ግን ሌላ አንቀጽ ነው፤ መክፈል ቢያቅተኝ አበዳሪው እኔን ሳይጠብቅ በቀጥታ ወደ ዋሱ እንደሚሄድ ይናገራል። ይህን ለአጎቴ በስልክ ልነግራቸው ስጀምር፣ "እሑድ ና፣ እንጨርሳለን" ብለው ዘጉት።

አጎቴ ባደጉበት ሰፈር ዋስ የሚሆን ሰው ወረቀቱን አያነብም። ማንበብ ልጁን መጠራጠር ነው። ለዋስነት ተጠርቶ "እስቲ ልየው" ያለ ሰው፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይታማ ነበር ይላሉ። አሁንም የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ገልጠው እስክርቢቶ ጠየቁ።

"ፓፓ፣ መጀመሪያ አንብበው እንጂ!" አለች ልጃቸው በጀርመንኛ።

"የእህቴን ልጅ ነው የማነበው?" አሉ እሳቸው በአማርኛ።

"እሱን አይደለም፣ ወረቀቱን።"

"እውነቷን ነው" አሉ ባለቤታቸው። "የሳል መድኃኒት ወረቀት በአጉሊ መነጽር የምታነብ ሰውዬ፣ ዛሬ ምን ነካህ?"

አጎቴ እስክርቢቶውን ያዙ። እኔ ያን ጊዜ የማየው እጃቸውን ሳይሆን ቤቱን ነበር። በማታ ፈረቃ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተው የገዙት ቤት ነው።

"ጋሼ፣ እኔ ብወድቅ የሚመጡት እርስዎ ጋ ነው" አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። "ልትወድቅ አስበሃል እንዴ?"

እውነቱን ለመናገር፣ ከመውደቅ ሌላ የማስበው ነገር አልነበረም። ወደ ሰውየው ዞርኩና፣ "ብታመም ወይም ትምህርቱን ባቋርጥ ማንን ነው የምትጠይቁት?" አልኩት።

"ይሄ እንዲያው ለደንቡ ያህል የተጻፈ ነው።"

"ማንን?" አሉ የአጎቴ ባለቤት።

"ዋሱን" አለ ሰውየው ቀስ ብሎ።

"ጡረታውን? ቤቱን?"

እኔ ተነስቼ ወረቀቱን ከአጎቴ እጅ ሥር ሳብኩት። ለአንድ ሽማግሌ ከዚህ የከፋ ነገር በሰው ፊት አድርጌ አላውቅም። አጎቴ የእስክርቢቶውን ክዳን ገጥመው አስቀመጡና ወደ በረንዳው ወጡ።

ትምህርቱን የጀመርኩት ባዶ እጄን ነው። ሥራዬን ሳልለቅ ወደ ማታ ፈረቃ ተዛውሬ፣ ቀን ተምሬ ማታ ሻንጣ ስጭን፣ እንደፈራሁት ልወድቅ ነው እያልኩ ስሸበር ከረምኩ፤ የመንግሥቱ መልስ ዘግይቶ መጣ፤ ተፈቀደልኝ። ደብዳቤውን ለአጎቴ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ "ጥሩ" ብለው መለሱልኝ። ስለዚያ እሑድ ግን አንስተን አናውቅም።

አንድ ነገር አሁንም ይከነክነኛል። ወደ በረንዳው ሲወጡ አጎቴ የሆነ ነገር ተናግረዋል። እኔ ጆሮዬ ጭው ብሎብኝ ስለነበር አልሰማሁም። ለእኔ ይሁን ለሰውየው ወይም ለራሳቸው፣ አላውቅም። እሳቸውን ለመጠየቅ ድፍረት የለኝም። ምንጣፉ ላይ የነበርሽው እህቴ፣ እርስዎም እትዬ፣ ይህን ካነበበ ሰውየውም ቢሆን፣ የሰማችሁትን ከዚህ ሥር ጨምሩልኝ። ክፉም ቢሆን እንዳለ ጻፉት።