የእትዬ ጭጭ ቡቃያዎች

የሥራ ባልደረቦቿ «እትዬ ጭጭ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። የሙዝ ችግኝ በብልቃጥ በሚባዛበት ላብራቶሪ፣ የተጣራ አየር በሚነፍስበት ሣጥን ፊት ተቀምጣ ቡቃያ ትቆርጣለች። ወረንጦዋን እሳት ታስነካለች፤ እስኪበርድ ትጠብቃለች፤ ቡቃያዋን በስለት ከፍላ እንደ ጄሊ በረጋው ምግብ ላይ ትተክልና ትከድናለች። እዚያ ማውራት ክልክል ነው። ከትንፋሽ ጋር የምትወጣ ባክቴሪያ ብልቃጡን እንዳለ ታበላሸዋለች። በዕድሜ ልጇ ልትሆን የምትችለው የላብራቶሪው ኃላፊ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ? እዚህ ደግሞ ዝም ካለ አፍ ጀርም አይወጣም» ትላለች።

ድሮ ዝምታው አይከብዳትም ነበር። ቤት ውስጥ ታላቅ እህቷ ነበረች፤ ልብስ ሰፊ፣ ወሬ አዋቂ። የደንበኞቿን ሐሜት፣ የአከራያቸውን ኩርፊያ፣ ሳትሰፋ የቀረችውን ቁልፍ ሳይቀር ስታወራ ታመሽ ነበር። ሁለቱም አላገቡም። «እኛ እኮ አንድ ሰው ነን፤ እኔ አፉ፣ አንቺ ጆሮው» ትል ነበር እህቷ።

ከዚያ እህቷ ታመመች፤ ብዙም ሳትሰነብት አረፈች። ለቀስተኛው ሲበተን ቤቱ ኦና ሆነ። ማታ ሬዲዮ ትከፍታለች። ግን ሬዲዮ «ዛሬ ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» ብሎ አይጠይቅም። አንዳንድ ቅዳሜ በር ቆልፋ ከገባች እስከ ሰኞ ጠዋት ድምፅዋን ሳትሰማው ትቀራለች።

የሐዘን ልብሷን ካወለቀች በኋላ ነው ብልቃጦች መበላሸት የጀመሩት። በቡቃያዎቹ ግርጌ ወተት የፈሰሰ የመሰለ ደመና ይታያል፤ ቀጥሎ ቡቃያው ይጠቁራል። ኃላፊዋ የአየር ማጣሪያውን አስፈተሸች፤ አልኮሉን አስቀየረች። ምንም አልተገኘም። በመጨረሻ የተበላሹት ሁሉ ከአንድ ወንበር የወጡ መሆናቸውን አየች። ከመስታወቱ ማዶ ቆማ ጥቂት ተመለከተችና ገባች።

«እትዬ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?»

«እኔ? ኧረ አላወራሁም ልጄ!»

«ጭምብልዎ አገጭዎ ላይ ነው።»

እጇን ወደ ፊቷ ሰደደች። እውነት ነው። እፍረት እስከ ጆሮዋ አጋላት። «ለነሱ ነው መሰለኝ» አለች ወደ ቡቃያዎቹ እያየች፤ «አልታወቀኝም።»

ኃላፊዋ አልተቆጣችም። ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና «ሆድ ሲብስ እንዲህ ነው። ግን እዚህ ላቆይዎት አልችልም» አለቻት።

ችግኞቹ ከብልቃጥ ወጥተው አፈር ወደሚለምዱበት የፕላስቲክ ቤት አዛወረቻት። እዚያ እንደልብ ማውራት ይቻላል። አብረዋት የሚሠሩት ሽማግሌ አትክልተኛ ግን ጆሯቸው ደክሟል። «አባባ፣ ውሃው በቃቸው?» ስትላቸው «አዎ፣ ነፋሱ ነው» ይሏታል። ትስቃለች። ሳቋ ሲያልቅ ዙሪያው ቅጠል ብቻ ነው።

ዝናቡ ሲቃረብ ችግኝ የሚጭነው መኪና እሷንና አትክልተኛውን ይዞ ወደ ገበሬ ማሳ ሄደ። ስንት ዘመን ሙዝ ስትቆርጥ ኖራ፣ ከእጇ የወጣ ሙዝ አድጎ አይታ አታውቅም። ባለማሳዋ፣ ወገቧን በነጠላ ያሰረች ደርባባ ሴት፣ ከዚያው ላብራቶሪ ቀድማ ወስዳ የተከለችውን አሳየቻት። ሙዙ ከራሷ በላይ ቆሟል። ቅጠሉ ፊቷን ጋረደው፤ ዘለላው ወደ መሬት ተንጠልጥሏል። ግንዱን በመዳፏ ዳበሰችው።

«በብልቃጥ ነው የሚወለደው አሉ፤ እውነት ነው?» አለች ባለማሳዋ።

«እውነት ነው። መጀመሪያ በዓይን የማይታዩ ሴሎች ናቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት። ይበዛሉ። ከዚያ ሥራ ይከፋፈላሉ፤ ውሃ የሚያሳልፉት ለብቻ ይሰባሰባሉ፤ ቆዳ የሚሆኑት ለብቻ። እነዚያ ስብስቦች ደግሞ ተያይዘው ቅጠል ይሆናሉ፤ ሥር ይሆናሉ። ሥሩ ያጠጣል፣ ቅጠሉ ያበላል። ሁሉም ሲገጣጠም ይኸው፣ ሙዝ።»

«ታዲያ አንዱን ሥር ሁን፣ ሌላውን ቅጠል ሁን የሚለው ማነው?»

«ጎረቤቱ። አጠገቡ ካሉት ነው የሚረዳው። ከሌሎቹ የተነጠለ ሴል ምን እንደሚሆን አያውቅ…»

አልጨረሰችውም። ፊቷን ወደ ግንዱ መለሰች። ባለማሳዋ ትክ ብላ አየቻትና ክንዷን ያዝ አደረገቻት። ከቤቱ በኩል «እማዬ!» የሚል ጥሪ መጣ። «እነዚህ ልጆች አያስቀምጡኝም! መጣሁ!» ብላ እየተጣደፈች ሄደች።

ሾፌሩ ጡሩንባውን ነፋ። እትዬ ጭጭ ከአትክልተኛው አጠገብ ተቀመጠች። እሳቸው ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ጭንቅላታቸው ቀስ እያለ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። እንዳትቀሰቅሳቸው፣ መኪናው ከተማ እስኪገባ ሳትነቃነቅ ተቀመጠች።