የስምንተኛዋ ክብደት

ጋሽ ኸድር አንድ ቦታ መቀመጥ አይችሉም። ሐሜት እንዳይመስልብኝ፣ ፊት ለፊትም የምነግራቸው ነው። የእኔ ፎቶ ኮፒ ቤትና የእሳቸው ወርቅ ቤት በአንድ ግድግዳ ስለሚዋሰኑ ወንበራቸው ሲንቋቋ ስድስት ዓመት ሙሉ ስሰማ ኖሬያለሁ። ቁጭ ይላሉ፣ ይነሳሉ፣ በር ላይ ወጥተው አስፋልቱን ያያሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። ደብረ ታቦር ውስጥ በቀን ስንት ባጃጅ እንደሚያልፍ የሚያውቅ ሰው ካለ እሳቸው ናቸው። የሚረጉት ሥራ ላይ ብቻ ነው። ጉትቻ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጡ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ የሚዛናቸውን ቁጥር ደግሞ ከሰው ቃል አብልጠው ያምናሉ።

ባለፈው ግንቦት ድመታቸው የወርቅ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ባዶ ጆንያ ላይ ስምንት ወለደች። ሰባቱ ድንቡሽቡሽ ያሉ ናቸው። ስምንተኛዋ ግን የት እንዳለች ለማየት እንኳ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። የእናቲቱ ጡት ስምንት ቢሆንም ሁለቱ ወተት የላቸውም፤ ስለዚህ ጉልበተኞቹ እየተጋፉ ሲጠቡ እሷ ከዳር ተገፍታ ትወድቃለች፣ ድምፅዋም የለ፣ አፏን ብቻ ትከፍታለች።

ጋሽ ኸድር ምን አደረጉ? አንስተው የወርቅ ሚዛናቸው ላይ አስቀመጧት።

"ገነት! ሃምሳ ስምንት ግራም!" ብለው በግድግዳው ጮኹብኝ። "እህቶቿ እኮ ዘጠና ዘጠና ናቸው!"

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰላም የሚባል ነገር ጠፋ። ትጠባለች፣ ይመዝናሉ። ጠብታ አልጨመረችም ብለው ይመልሷታል፤ ሦስት ባጃጅ እስኪያልፍ ታግሠው እንደገና ያነሷታል። ሃምሳ ሰባት። ሃምሳ ስድስት ተኩል። ደንበኛ ቀለበት ይዞ ሲመጣ ድመቷ ሚዛኑ ላይ ናትና ይጠብቃል። በሁለተኛው ቀን ሃምሳ አራት ሲል እሳቸውም አብረው ከሱ። "አለቀች" ይላሉ፣ ይነሳሉ፤ "ይችማ አለቀች" ይላሉ፣ ይቀመጣሉ። እኔም የሰው ዶክመንት ገልብጬ ኮፒ ማድረግ ጀመርኩ።

ያዳነን የባለቤታቸው የእትዬ ሩቅያ መምጣት ነው። ምሳ ይዘው ሲገቡ ያቺ ራቁቷን የምትመስል ነፍስ ብረት ላይ ተዘርግታ ስትንቀጠቀጥ አዩ።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?"

"እየቀነሰች ነው፣ ሩቅያ! ባላይ ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?"

"የምትቀንሰውማ በአንተ ነው! እናቷ ታሞቃታለች፣ አንተ ታቀዘቅዛታለህ። የጠባችውን በብርድ ትጨርሰዋለች። አምስት ልጅ ሳሳድግ አንዱንም ሚዛን ላይ አላስተኛሁም!"

ጋሽ ኸድር እጃቸውን ተመለከቱ፣ ቀጥሎ ድመቷን። እንደዚያ ሲደነግጡ አይቻቸው አላውቅም። ያን ዕለት ከሰዓት እትዬ ሩቅያ ሚኒባስ ላይ አሳፍረው ጋሳይ ገጠር ያለችው የባላቸው እህት ዘንድ ላኳቸው፤ እህትየዋ ድንች ልታስተክል ነውና ሰው ቸግሯታል ተባለ። እሳቸው ግን መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮት ጠሩኝ።

"ጠዋት፣ ቀትርና ማታ መዝነሽ ትነግሪኛለሽ። አንዴ ብቻ፣ በጨርቅ ይዘሽ። ቃል ግቢልኝ።"

ቃል ገባሁ። ተመልሼ ስገባ እትዬ ሩቅያ ሚዛኑን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውታል።

"ምን ልበላቸው ታዲያ?" አልኩ።

"የመጣልሽን በይው። እሷ ከተነካች ግን ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።"

እትዬ ሩቅያ ሥራቸውን ያውቃሉ። ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልተው፣ በአሮጌ ሹራብ ጠቅልለው ከድመቶቹ አጠገብ አስተኙት። በየሁለት ሰዓቱ ሦስቱን ወፋፍራሞች አንስተው ጠርሙሱ ጎን ያደርጓቸዋል፣ ትንሿን ወተት ካለው ጡት ላይ ያስይዟታል፣ ከዚያ መጋረጃውን መልሰው ይወጣሉ። በቃ። እኔም በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቄ አያለሁ፤ የማየው ግን የድመት ጀርባ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ማታ ደወልኩና "ሃምሳ አምስት" አልኩ። ጋሽ ኸድር ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። "አንድ ግራም ጨመረች? አልሐምዱሊላህ!" በማግሥቱ ጠዋት ሃምሳ ስምንት አልኩ፣ ማታ ስድሳ። ድምፃቸው እየለሰለሰ መጣ፤ ስለ ድንቹ፣ ከጉና ተራራ ስለሚወርደው ብርድ ያወሩኝ ጀመር። ሰው በእኔ ቃል እንዲህ ሲረጋጋ ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስድሳ ስምንት አልኳቸው። ቀትር ላይ ሱቁ በተማሪ ተጨናንቆ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ነበርና አፌ እንዳመጣልኝ፣

"ዘጠና!" አልኩ።



"ዘጠና አልሽ?"

"አዎ፣ እህቶቿን ልትደርስባቸው ነው።"

"ደህና ናት?"

"በጣም ደህና ናት፤ ምንም አያስቡ።"

ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ብደውል አይነሳም፤ ቆይቶ ጭራሽ ጠፋ። እህትየዋ ጋ ስደውል "አካፋውን ጥሎ ወደ አስፋልት ሮጠ፤ ምን ሁናችሁ ነው?" አለችኝ። ሁለት ሰዓት ያህል በር ላይ ቆሜ አስፋልቱን ሳይ ቆየሁ። በመጨረሻ አንድ አይሱዙ ፍሬን ይዞ ቆመና ጋሽ ኸድር ከጋቢናው ወረዱ። ጫማቸው ጭቃ ነው፣ እጃቸውም አፈር እንደያዘ ነው። ወደ ሱቃቸው አልገቡም፤ በሬ ላይ ቆሙ።

"የት ቀበራችኋት?" አሉኝ።

"ማንን?"

"ተይ ገነት። ጠዋት ስድሳ ስምንት፣ ቀትር ላይ ዘጠና? በግማሽ ቀን ሃያ ሁለት ግራም የሚጨምር ፍጥረት የለም። ዕድሜዬን ግራም ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ።"

"ጋሽ ኸድር፣ ወላዲተ አምላክን..."

"ወንድሜ ኑሩ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት የተኛ ጊዜ፣ ስደውል 'ተሽሎታል' አሉኝ። በማግሥቱ 'ምግብ በላ' አሉኝ። በሦስተኛው ቀን 'በጣም ደህና ነው፣ ሊወጣ ነው፣ ምንም አታስብ' አሉኝ። እኔ ጅሉ ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። ለካ ከተቀበረ ሁለት ቀኑ ነው።" ከመዳፋቸው አፈሩን አራገፉ። "በአንድ ጊዜ እንዲህ የሚሻለው የሞተ ሰው ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ነው እግሬ አላርፍ ያለኝ።"

እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ደርሶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ እስኪነገር ድረስ የሞተው ሁሉ ደህና ነው ይባላል። እኔም በራሴ አባት ሞት ጊዜ ለእህቴ እንዲሁ ብያለሁ። ለድመት ብዬ ያን ቋንቋ ስናገረው ግን አላወቅኩትም ነበር።

እጃቸውን ይዤ ጓዳ አስገባኋቸው። እትዬ ሩቅያ አንዴ አዩዋቸውና መጋረጃውን ገለጡ። ትንሿ በእናቷ ሆድ ላይ ተለጥፋ ትጠባለች፤ በፊት መዳፏ ጡቱን ትረግጣለች፣ ሆዷ ቋጠሮ አክሏል። ጋሽ ኸድር ተንበረከኩ። እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ሲገባ አልጠረጉትም።

"አንዴ ብቻ፣ ሩቅያ" አሉ።

እትዬ ሩቅያ ትንሽ አመነቱ፤ ከዚያ ቁልፉን ከነጠላቸው ፈቱላቸው። ጋሽ ኸድር እጃቸውን ታጠቡ፣ በጠርሙሱ አሞቁ፣ ቆባቸውን አውልቀው ሚዛኑ ላይ አነጠፉና ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለሱ። ድመቷን ቆቡ ውስጥ አስተኟት። ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን።

ስድሳ ሦስት።

ቶሎ ወደ እናቷ መለሷት። ከዚያ መሬቱ ላይ፣ ጭቃ እንደያዙ፣ ተቀመጡ።

"እኔ ጥፋተኛ ነኝ" አልኩ። "ሚዛኑን አልነካሁትም። ዘጠና ያልኩት..."

"ዘጠናውስ ይቅር" አሉ፣ ቀና ሳይሉ። "ስድሳዋስ? የትናንት ማታዋ?"

"እሷንም ገምቼ ነው።"

ሲናገሩ አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"በስድሳዋ እኮ ተኝቼ ነበር፣ ገነት። ኑሩ ከሞተ ወዲህ ያን ሌሊት ብቻ ነው ሳልነቃ ያደርኩት።"