መርዶ መስሎኝ የጮኽኩበት ማለዳ

ይህ ነገር የገጠመኝ እዚሁ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ውስጥ ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬም በማለዳ በሬ ሲንኳኳ መጀመሪያ ልጮህ ይቃጣኛል፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ ይመጣል። ያበድኩ እንዳይመስላችሁ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የወሎ ልጅ ነኝ። ከአገሬ ስወጣ ልጄን ሶስናን ለእናቴ አደራ ሰጥቼ ነበር። ታናሽ እህቴ እታለምም አብራቸው ትኖራለች። ሥራ ይዤ፣ ወረቀቴም ሲስተካከል ላስመጣት ነበር ሐሳቤ። ኪሌሌሽዋ የሚባል የሀብታሞች ሰፈር አንድ ቤት በሞግዚትነት ተቀጠርኩ። ጠዋት ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ እሄዳለሁ፤ የሰው ልጅ አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ አስተኛለሁ። ማታ ኢስትሊ ስመለስ ለልጄ እደውላለሁ። ኬንያ ውስጥ እናት የምትጠራው በልጇ ስም ስለሆነ፣ የሕንፃችን ሰው ሁሉ ልጄን አይቷት ሳያውቅ «ማማ ሶስና» ይለኛል። ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት እናቴ ወዳለችበት ከተማ ገባ። መጀመሪያ መብራት ጠፋ ተባለ፤ ቀጥሎ ስልኩ ተቋረጠ። ስደውል የምትመልስልኝ ያቺ በቴፕ የተቀዳችው ሴትዮ ብቻ ሆነች። «ከአገልግሎት ክልል ውጪ ነው» ትለኛለች። ድምፅዋን ጠላሁት። አንዳንድ ቀን ማታቱ ውስጥ ቁጭ ብዬ በአማርኛ እሰድባታለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ከባሌ ጋር የተጣላሁ ሳይመስለው አይቀርም።

ወራት አለፉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ወሬ አለ?» እያሉ ይጠይቁኝ የነበሩ ሰዎች መጠየቅ ተዉ። ሲጠይቁኝ ይከፋኝ ነበር፤ ሲተዉት ባሰብኝ። ሰው መጠየቅ የሚተወው መልሱን ሲፈራ ነው። ከወደዚያ የመጣ ሰው አለ ሲባል እሮጣለሁ፤ አንዱ ሰፈራችሁ ተቃጥሏል ይለኛል፣ ሌላው ሰው ሁሉ ሸሽቷል ይለኛል። ኪሌሌሽዋ የማሳድጋት ሕፃን ስትስቅ ኩሽና ገብቼ አለቅሳለሁ። «ማማ ሶስና» ሲሉኝም እንደ ድሮው አልመልስም፤ ስሙ ራሱ ያቃጥለኝ ጀመር።

በዚህ ላይ ስልኬን ተነጠቅኩ። ማታቱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ይዤው ተቀምጬ አንዱ ከውጭ መንትፎኝ ሮጠ። አዲስ ሲም ካርድ ለማውጣት ደግሞ የስደተኛ ወረቀቴ መታደስ ነበረበት፤ እሱም ገና ነው። እንግዲህ ልጄ በሕይወት ብትኖር እንኳ በየት በኩል ታገኘኛለች?

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ በሬ ተንኳኳ።

ስከፍት ፓስተራችን ቆሟል። ከኋላው የሴቶችን ጸሎት የሚመሩት እትዬ አልማዝ አሉ። ሦስተኛው ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው የያዙ ሽማግሌ ናቸው፤ የማውቃቸው አልመሰለኝም። አንዳቸውም ፈገግ አላሉም። የእትዬ አልማዝ ዓይን አብጧል።

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። በእኛ ሰው ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ሰው ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ሳይነጋ ነው የሚመጣው። ሦስት ሰው በዚያ ሰዓት አንገቱን ደፍቶ በር ላይ ከቆመ ሌላ ምን ትርጉም አለው? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው አልኩና በሩን መልሼ ልዘጋባቸው ሞከርኩ። ካልሰማሁት ያልሆነ መሰለኝ። ፓስተሩ እግሩን አስገባ።

ከዚያ ጮኽኩ።

እኔ መዘምራን ውስጥ ማይክ የማይሰጠኝ ሴት ነኝ፤ ያለ ማይክም ድምፄ ይበዛል ይላሉ። ያን ቀን ያለ የሌለ ድምፄን አወጣሁት። ፓስተራችን የተስፋ ሰዎች ነን፣ ደረት አንመታም እያለ ስንት ጊዜ አስተምሮናል። ፊት ለፊቱ ደረቴን መታሁ፣ ፀጉሬን ነጨሁ፣ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። «ሙሉነሽ፣ እባክሽ ስሚን!» ይለኛል። «አልሰማም! አትንገሩኝ! የልጄን መርዶ አልሰማም!» እላለሁ።

ፊት ለፊቴ የምትኖረው ሶማሌዋ ሐሊማ በሩጫ መጣች። ምን ሆነሽ ብላ እንኳ አልጠየቀችም፤ አቅፋኝ አብራኝ ማልቀስ ጀመረች። ሞቃዲሾን ጥላ የወጣች ሴት ናት፤ በማለዳ የሚጮህ ሰው ለምን እንደሚጮህ ታውቃለች። እሷ ስታለቅስ እትዬ አልማዝ አልቻሉም፤ እሳቸውም ለቀቁት። የሕንፃው ጠባቂ «ኩና ኒኒ? ኩና ኒኒ ሃፓ?» ምንድን ነው የሆነው እያለ ዱላውን ይዞ ደረጃውን ወጣ። ሌባ የገባ መስሎታል። እኛን ሲያይ ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ኮፍያውን አወለቀና «ፖሌ ሳና፣ ማማ ሶስና» አለኝ፤ እግዜር ያጽናሽ እንደማለት ነው። እንደዚያ ሲለኝ ጭራሽ ባሰብኝ። ፎቁ በለቅሶ ተናወጠ። ፓስተሩ «በሕይወት አለች! በሕይወት አለች!» እያለ ሲጮህ ነበር አሉ በኋላ፤ ማን ሰምቶት?

በዚህ መሐል የሽማግሌው ስልክ ኪሳቸው ውስጥ ጮኸ። እሱንም የሰማ የለም። አውጥተው አነሡት፤ ከዚያ በዚያ በሸመገለ ጉሮሯቸው «ጸጥታ!» ብለው አምባረቁ። ሽማግሌው በወጣትነታቸው አዲስ አበባ አስተማሪ ነበሩ፤ ይህን ያወቅኩት ግን በኋላ ነው። ሐሊማ አማርኛ አትሰማም፣ ጠባቂውም አይሰማም፤ ሁሉም ግን እኩል ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ሽማግሌው አጠገቤ በርከክ ብለው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፉት።

«እማዬ፣ ማን ሞቶ ነው የምታለቅሺው?» አለች ልጄ።

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። ከዚያ «ማንም» አልኳት። «ማንም አልሞተም የኔ እናት። ማንም አልሞተም!»

ልጄ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝና ደጋግሜ ጠራኋት። ደርሰናል አለችኝ። ከአክስቷ ጋር በእግርም በመኪናም ስልክ ወዳለበት ከተማ መድረሳቸውን፣ አሁን መኪና እየጠበቃቸው እንደሆነ፣ ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ መሆኑን ነገረችኝ። አያትሽን አቅርቢልኝ ስላት እህቴ ስልኩን ተቀበለቻት። «እማማ ደክሟታል፣ ተኝታለች» አለችኝ እታለም። የደወሉበት ስልክ የባለሱቅ ነበርና መኪናው ሊሄድ ነው ብላ ዘጋችው።

እኔ እንግዲህ ምን ልበላችሁ! ተነሥቼ ሐሊማን ሳምኩ፣ ጠባቂውን ሳምኩ። «አለች! ሶስና አለች!» እለዋለሁ፤ እሱ ለቅሶው ለምን በአንዴ ጭፈራ እንደሆነ አልገባውም። «ዋሐበሻ»፣ እነዚህ ሐበሾች እንደማለት፣ ብሎ ራሱን ነቀነቀና ዱላውን አንሥቶ ወረደ።

ሻይ ስናፈላ ሽማግሌው ታሪኩን ነገሩኝ። አቦይ ወልዱ ይባላሉ፤ ኤርትራዊ ናቸው። አማርኛቸው እንደ ድሮ ሬዲዮ ጥርት ያለ ነው። ኢስትሊ በገባሁ ቀን ስልክ አልነበረኝም። ደርሻለሁ ብዬ ለቤተሰቤ የደወልኩት የልጃቸው ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ገብቼ በሳቸው ስልክ ነበር። እኔ ረስቼዋለሁ። እናቴ ግን ቁጥሩ የኔ መስሏት ያን ቀን ወረቀት ላይ አስጽፋ አስቀምጣው ኖሯል። ሰው ስልኩን በየጊዜው የሚነጠቅበት፣ ቁጥሩን የሚቀያይርበት አገር አለ ብላ መች አስባ? ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን እህቴን እያስነበበች ለሶስና ያንን ቁጥር እንደ ጥቅስ በቃሏ አስጠንታታለች። ማታ ማታ በዜማ ታስብላት ነበር። «ከኔ ብትለዪ እናትሽ የምትገኘው በዚህ ነው» ትላት ነበር።

በመንገድ ላይ የእህቴ ስልክ ተዘረፈ፤ የልጄን ጭንቅላት ግን ማን ይዘርፋል? ከተማው እንደደረሱ ከባለሱቁ ስልክ ደወለች። አቦይ ወልዱ ሲያነሡ «እማዬን አቅርብልኝ» አለቻቸው። እናትሽ ማን ናት ሲሏት ስሜን ነገረቻቸው። ስሜን አላስታወሱትም። ግን አንድ ጊዜ ሱቃቸው ውስጥ ስልክ ለምና ያለቀሰች ሴት ትዝ አለቻቸው። «ማርያም ትርዳሽ» ብለዋት «እኔ ጴንጤ ነኝ» ብላ የመለሰችላቸው። በዚህ ብቻ ተነሥተው ኢስትሊ ውስጥ ያለ የሐበሻ ጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ እየገቡ ጠየቁ። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ቦታ ገብተው አያውቁም። እኛ ጋ ሲደርሱ ሰዉ የማታ ጸሎት ላይ ነበር፣ እኔ ያን ቀን አልሄድኩም፤ ባርኔጣቸውን ይዘው መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጠው እስኪያልቅ ጠበቁ። «ወሎዬ ናት፣ ድምፅዋ ከፍ ያለ ነው» ሲሉ ሁሉም በአንድ አፍ ስሜን ጠራ አሉ።

ልጅቷ በማግስቱ ጠዋት መኪናው ሳይነሣ መልሳ እንድትደውል ተቀጣጥረዋል። እኔ ደግሞ ወደ ሥራ የምወጣው በጠዋት ነው፣ ስልክም የለኝ። ስለዚህ ሳይነጋ መጡ። «ፓስተር፣ ትንሽ እንኳ ፈገግ ብትሉ ምን ነበረበት?» አልኩት። ፓስተሩ አቀርቅሮ ሻዩን ማማሰል ቀጠለ።

እንደዚያ ሳምንት ደስ ብሎኝ አያውቅም። የማሳድጋት ሕፃን እንኳ ገርሟት ታየኛለች። ለእናቴ ነጠላ ገዛሁ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ስፈልግ ሰነበትኩ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሦስቱም ተከትለውኝ ወደ ቤቴ መጡ። የነገሩኝ አቦይ ወልዱ ናቸው። እናቴ ዐርፋለች። ጥይት አልነካትም። የደም ግፊት መድኃኒቷ አልቆ፣ ፋርማሲው ሁሉ ተዘግቶ፣ ከከተማ ሲሸሹ መንገድ ላይ ነው የወደቀችው። የማያውቋቸው ገበሬዎች ከአንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቀበሯት።

እናቴን አለቀስኳት። ሲወጣልኝ ግን ንዴቴ መጣ። «ያን ሁሉ ቀን እያወቃችሁ? እኔ ነጠላ እየገዛሁ?» አልኳቸው።

አቦይ ወልዱ አልተቆጡም። «በመጀመሪያው ቀን የነገረችኝ ልጅሽ ናት» አሉኝ። «‹አያቴ ሞታለች፤ ለእማዬ እንዴት አድርጌ ነው የምነግራት?› ብላ ጠየቀችኝ። እህትሽ ከጎኗ ታለቅሳለች፣ መናገር አልቻለችም። ‹ልጅ መርዶ ነጋሪ አይሆንም፤ አንቺ ስለራስሽ ብቻ ንገሪያት፣ ይሄንን ለኔ ተዪው› አልኳት። ቃል ሰጥቻት ነው ሳልነግርሽ የሰነበትኩት። አንቺም ልጅሽን በሰማሽበት ቀን እናትሽን መቅበር አልነበረብሽም። ጦርነት እኛ ቤትም ገብቶ ወጥቷል፤ ሁለቱን በአንድ ቀን የሰማ ሰው አይቻለሁ።»

ያኔ ነው «ማንም አልሞተም» ስላት ልጄ ለምን ዝም እንዳለች የገባኝ። የእትዬ አልማዝ ዓይን ለምን እንዳበጠም ገባኝ። እናቴን ሌሊቱን ሙሉ እሳቸው አልቅሰውላታል።

ወረቀቴ ሲታደስ አስመጣኋት፤ ሶስና አሁን እዚህ ከኔ ጋር ናት። ትምህርት ቤት ገብታለች፤ አማርኛዋ ከስዋሂሊ ጋር ተደባልቆ አንዳንዴ እኔንም ያስቀኛል። አቦይ ወልዱን «ባቡ» ትላቸዋለች፣ አያቴ ማለቷ ነው። እሑድ እሑድ ሱቃቸው ሄዳ ጨርቅ ስታጣጥፍላቸው ትውላለች። እሳቸው ከየትኛው ወገን ናችሁ ብለው አንድ ቀን ጠይቀውን አያውቁም።

በቅርቡ ሳህን እያጠብን ስለዚያ ጥሪ አነሣሁባት። ለማያውቁት ሰው እንዴት ደፍረሽ ነገርሽ አልኳት። «አላውቅም ማሚ» አለችኝ። «ባቡ ‹እኔ እነግራታለሁ› ሲሉኝ እንቅልፌ መጣ። እዚያው የደወልኩበት ሱቅ ውስጥ፣ ሃፖ ሃፖ፣ በቆምኩበት ተኛሁ። አክስቴ ተሸክማ ነው ያወጣችኝ።»

ከዚያ በፊት ስንት ሌሊት ሳትተኛ እንዳደረች አልጠየቅኋትም። እናቴን የሚመልስልኝ የለም፤ ልጄን ግን የማያውቁን ሽማግሌ ከሩቅ ሆነው በስልክ አስተኙልኝ። እሷን አልጋዋ ላይ ተኝታ ባየሁ ቁጥር እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን እንዲያረዝምልኝ እጸልያለሁ።