ከቀጥቃጩ ደጅ የመጡት ሁለት ቸርኬዎች

መኪና የሚባለውን ነገር ማንም ሳያስተምረኝ ነው ያወቅሁት። ጣሊያን ደብረ ማርቆስን በያዘ ጊዜ ሚስት ያገባሁ ጎልማሳ ነበርሁ፤ ለጋራዣቸው ውሃ ቀጂ ሆኜ ገባሁ። ሌሎቹ ቀጂዎች ውሃቸውን ደፍተው ወደ ጥላ ይሄዳሉ፤ እኔ ቆሜ አያለሁ። ሲፈቱ አያለሁ፣ ሲገጥሙ አያለሁ። ዓመት ሳይሞላኝ የካሚዮኑን ድምፅ ብቻ ሰምቼ የቱ ጋ እንደታመመ እለይ ጀመር። ይህን የምጽፈው ለመኩራራት አይደለም፤ በዚያ ዘመን ከዓባይ ወዲህ እንደኔ የሚያውቅ ሰው ከነበረ ግን እኔ አላጋጠመኝም።

ወደ አገሬ ወደ አምበር የተመለስሁት አንድ ተሳቢ ይዤ ነው። ይዤ ማለቴ እንኳ ልክ አይደለም፤ ተሳቢው አምበር አጠገብ መንገድ ሠሪዎች ጥለውት ከሄዱበት ንቅንቅ አላለም። ካሚዮን ከኋላው የሚጎትተው ዓይነት ነበር፤ ሳንቃው ተላልጧል፣ ሁለቱን ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ሌባ ፈትቶ ወስዷቸዋል፣ በሆዱ ሣር ላይ ተኝቷል። የመንገዱን አለቃ ስጠኝ ብዬ ብጠይቀው ሳቀና፣ «ውሰደው፤ በጀርባህ ትሸከመዋለህ» አለኝ።

እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ቀንበር አበጅቼለት በሁለት በሬ ብጎትተው፣ ዐሥር አህያ የሚጭነውን እህል በአንድ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ገበያ አደርሳለሁ። የጎደለኝ ሁለት ቸርኬ ብቻ ነው፤ ጎማው የሚለብስበት ክቡ ብረት። ጋራዡ ሄጄ ለመንሁ፤ አባረሩኝ። በመንገዱ ዳር ዳር ስፈልግ ወር ሞላኝ። ጎረቤቶቼ መሳለቂያ አደረጉኝ።

«ጎጆ ልትቀልስበት ነው?» ይሉኛል።

«ዶሮ ያሳድርበት ይሆናል እንጂ!»

በመጨረሻ አንድ እረኛ ነገረኝ። አርበኞች ካቃጠሉት ካሚዮን ሁለት ቸርኬ ፈትቶ የወሰደ ቀጥቃጭ ከወንዙ ማዶ አለ። በቅሎዬን ጭኜ ሄድሁ። ያን ሰሞን ለሥራ ትጠነክርልኛለች ብዬ ገብስ እየጨመርሁ አበላት ነበር፤ የዚያን ቀን ጠዋትም አንድ ቁና ሙሉ ሰጥቻት ነው የወጣሁት።

ቀጥቃጩ ወናፉን አቁሞ ተነሣ። ሚስቱ ከጎጆው ጀርባ ሸክላ ትሠራለች። ቸርኬዎቹ ከግድግዳው ተደግፈዋል፤ ጎማቸው ነዶ አልቋል፣ ብረቱ ግን ደኅና ነው። የብሎን ቀዳዳዎቹን በተሳቢው ልክ ቆርጬ ባመጣሁት ሸምበቆ ለካሁ። ልክክ!

«ሽጥልኝ» አልሁት።

«ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ፣ አይሸጡም። በጦርነቱ ብረት ጠፍቶ የስንቱ ገበሬ ማረሻ ዶልዱሟል። እነዚህን ቆራርጬ ለክረምት ላደርስላቸው ቃል ገብቻለሁ።»

በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው እኔን አንቱ ይለኛል፣ እኔ አንተ እለዋለሁ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

ዋጋ ጨመርሁ፤ እንቢ አለ። ተቆጥቼ ወደ በቅሎዬ ስሄድ ተከትሎኝ መጣና ትክ ብሎ አያት። ዞረና ደግሞ በወዲያኛው ጎኗ አያት።

«ጌታዬ፣ ገብስ አብዝተውባታል። ሆዷ ተወጥሯል። ዛሬ ውሃ ባያጠጧት።»

እኔን ስለ በቅሎ ሊያስተምረኝ! ወንዙ እዚያው ከደጁ ሥር ነው፤ እያየኝ ወስጄ እስክትጠግብ አጠጣኋት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ሞተች። ጎረቤት ተሰበሰበ።

«ምነው፣ ምን አገኛት?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ» አልሁ። «ትናንት ከቀጥቃጩ ደጅ አስሬያት ነበር። ቆሞ ትክ ብሎ ሲያያት ነበር።»

ይኸው ነው፤ ሌላ አልጨመርሁም። እንዳልሁት ቆሞ አይቷታል፤ ስለዚህ አልዋሸሁም እያልሁ ብዙ ዓመት ራሴን አባብያለሁ። ነገር ግን ቀጥቃጭ ትክ ብሎ አየ ማለት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ከሰሚዎቼ እኩል አውቅ ነበር። ቡዳ የሚለውን ቃል ከአፌ ማውጣት አላስፈለገኝም፤ እነሱ አወጡልኝ። አንዲቱ ሴትዮ እንትፍ ብላ ልጇን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከዚያ በኋላ ከእሱ ዘንድ ማጭድ የሚያሾል ጠፋ። ሚስቱ ገበያ ያወጣችውን ማሰሮ ሁሉ መልሳ ተሸክማ ገባች። ከብቱ የታመመበት ሁሉ የእሱን ስም አነሣ። የተቀመጠበት መሬት የሰው ነበርና፣ ባለ መሬቱ ክረምት ሳይገባ ልቀቅልኝ አለው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቸርኬዎቹን በአህያ ጭኖ ከደጄ ደረሰ። አጥሩን አላለፈም።

«እነሆ ጌታዬ፣ ይውሰዷቸው። ዋጋ አልፈልግም።»

ከአጥሩ ወጥቼ ቸርኬዎቹን በእጄ ዳሰስሁ።

«ለሰዉ ግን አንዲት ቃል ይናገሩልኝ። የገደላት ገብስ ነው ይበሉ። እርስዎን አዋቂ ነው ይላሉ፤ እርስዎ ካሉ ያምናሉ። ይህን ካላሉልኝ የምሄድበት የለኝም።»

«እናገራለሁ» አልሁት።

«መቼ?»

«ቅዳሜ፣ ገበያ ላይ።»

«እንግዲያው እመጣለሁ። ከሩቅ ሆኜ እሰማለሁ።»

ቸርኬዎቹን ራሴ አወረድኋቸው። ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሥራ ዛሬም ሳስበው ልቤ ይሞላል፤ ይህም ራሱ ያሳፍረኛል። ብሎኖቹን በሞራ አሽቼ አሠርኋቸው። ጎማ ስለሌለ እርጥብ የበሬ ቆዳ በጠፍር እየቆረጥሁ በቸርኬው ላይ ደራርቤ ጠመጠምሁ፤ ሲደርቅ ብረቱን ጨምድዶ ያዘው። ጣሊያኖቹ እንኳ ያላሰቡት ዘዴ ነው።

ቅዳሜ ሁለት በሬ ጠምጄ፣ ስንዴ ጭኜ አምበር ገበያ ገባሁ። ገበያው ግልብጥ ብሎ መጣ።

«ጎጆው እግር አወጣ!» አለ አንዱ።

«ወንድሜ፣ ጣሊያኑ ራሱ ሊፈራህ ይገባል!» አለ ሌላው ቆዳውን እየደባበሰ። «ቸርኬውን ከየት አመጣኸው?»

ቀጥቃጩ ከሸክላ ተራው ወዲያ ቆሟል። ሚስቱ አጠገቡ አለች፤ ከፊቷ የተደረደረውን ማሰሮ የሚነካ የለም። ዓይን ለዓይን ተያየን። የምናገረው አጭር ነው፤ ገብስ አበዛሁባት፣ ውሃ አታጠጣት ተባልሁ፣ አጠጣኋት፣ ሞተች። ነገር ግን ይህን ባልሁ፣ ያ ሁሉ አዋቂ የሚለኝ ሰው ፊት፣ በቅሎ መመገብ የማያውቅ፣ ቀጥቃጭ የመከረውን ያልሰማ ሞኝ ልሆን ነው። ያውም ተሳቢው ላይ ቆሜ፣ በዚያች ቀን!

«እሱን ለእኔ ተወው» አልሁት ሰውየውን። ሰዉ ሳቀ። ከዚያም ስለ ቆዳው አጠማጠም ማስረዳት ጀመርሁ፤ ረጅም ጊዜ ተናገርሁ። ቀና ስል ቀጥቃጩ የሚስቱን ማሰሮዎች አንድ በአንድ አህያ ላይ እየጫነ ነበር። እንደገና አላየኝም።

በሳምንቱ ብሄድ ጎጆው ባዶ ነው። ወናፉ የነበረበት ቦታ ከሰልና የብረት አር ብቻ ቀርቷል።

ክረምቱ ሲገባ ገበሬዎች የዶለዶመ ማረሻቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ። «ተሳቢ ያስኬደ ሰው ማረሻ ያቅተዋል?» አሉኝ። አያቅተኝም ብዬ ከሰል አነደድሁ። የመጀመሪያውን ማረሻ አግዬ ብመታው ለሁለት ተሰነጠቀ። ባለቤቱ ስባሪውን ለቅሞ ሄደ። በዚያ ዓመት የስንቱ ማሳ ላይ ላዩን ተጭሮ እንደተዘራ አይቻለሁ። እኔ በተሳቢዬ እህል አመላልስ ነበር።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አንድ እሑድ ሰንበቴ ላይ አላስችል ብሎኝ ተናገርሁ። ያችን በቅሎ የገደላት ገብስና ውሃ ነው አልሁ። የሚደነግጥ ሰው ጠብቄ ነበር። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ቆሎአቸውን ማኘክ እንኳ አላቋረጡም።

«ሆዷ እንደዚያ ተነፍቶ ተጋድማ ገብስ መሆኑን ማን ያጣዋል?» አሉኝ።

«ታዲያ አባቴ፣ ምነው ዝም አላችሁ?»

«ባለ በቅሎው አንተ አይደለህ? አንተ ዝም ስትል እኛ ምን እንበል?»

በሳምንቱ ስንቄን ይዤ ልፈልገው ወጣሁ። ደብረ ወርቅ ጠየቅሁ፤ ከዚያ ዲማ ወረድሁ። ዲማ ገበያ ላይ ሸክላ የምትሸጥ ሴት ባገኝ መልኩን ነገርኋት፤ የሚስቱን መልክ፣ የአህያዋን ቀለም ሳይቀር ነገርኋት። በደንብ አዳመጠችኝ።

«ማን ይባላል?» አለችኝ።

ጠይቄው አላውቅም ነበር።

«ቀጥቃጭ ነው» አልኋት።

«ቀጥቃጭማ ሁላችንም ነን ጌታዬ» አለችና የሚቀጥለውን ገዢዋን ታነጋግር ጀመር።