የአያ አለምነው ባዶ ኮርቻ

ማክሰኞ ጠዋት ከዳንግላ ተነሣሁ። የምሠራው እዚያው ጤና ጣቢያ በድሬሰርነት፣ ቁስል እያጠብኩና መርፌ እየወጋሁ ነው። ያን ቀን ግን የሄድኩት ለራሴ ጉዳይ ነበር፤ የሙት ልጅ ሆኜ ያሳደጉኝ አጎቴ አያ አለምነው የአስም በሽታቸው ተነሥቶባቸዋል የሚል መልእክት ከቆሰበር በላይ ካለው መንደራችን ደርሶኝ ነው።

ዶክተራችን የአሚኖፊሊን መርፌ ሰጠኝና አስጠነቀቀኝ። "ቀስ ብለህ ውጋቸው። ሳንባ አየር ያልደረሰበትን ቦታ የደም ሥር ያጠባል፤ ደሙ አየር ወዳለበት እንዲሄድ ነው። መድኃኒቱ የአየር ቧንቧውን ሲከፍት እነዚያንም ሥሮች ሊከፍታቸው ይችላል። ያን ጊዜ ደረታቸው ይቀላቸዋል፣ ደሙ ግን አየር ሳይዝ ያልፋል። ጆሮህን አትመን፤ ከንፈራቸውን እይ። አሳርፈህ ኦክስጅን ወዳለበት፣ ወደዚህ አምጣቸው።"

ቆሰበር

ሃምሳ ሳንቲም ከፍዬ በእህል መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። ጭቃው አይጣል ነው! ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። ቆሰበር ላይ አንድ ሙስሊም ባለሱቅ ዳቦና ሻይ ሰጠኝ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዳገት በእግሬ።

አያ አለምነው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

"ምን... አቆየህ... ልጄ?" አሉኝ።

ቀስ ብዬ ወጋኋቸው። ጥቂት ቆይቶ ሲር ሲር ይል የነበረው ደረታቸው ጸጥ አለ። ሚስታቸው እትዬ የሻረግ እልልታውን አቀለጡት።

"በሉ ፈረሴን ጫኑልኝ!" አሉ አያ።

"ኧረ እባክዎ! ዳንግላ እንወስድዎታለን፤ እስከ መኪናው በቃሬዛ ነው የምንሄደው።"

"እኔን በቃሬዛ? የአገው ሰው ነፍሱ ሳለች በሰው ትከሻ አይሄድም!"

እኔ ሞኙ ደረታቸውን አዳምጬ እሺ አልኩ። እርካብ ረግጠው ወጡ፤ ከግቢው ሳይወጡ ከንፈራቸው ጠቆረ፣ ዓይናቸው ፈዘዘ። ደረታቸው ግን እንደዚያው ጸጥ ያለ ነው። አቅፌ አወረድኳቸው። በገዛ እጄ ገደልኳቸው አልኩ። ቀና አድርጌ አስቀምጬ ከንፈራቸው ወደ መልኩ እስኪመለስ ድረስ ዓይኔን አልነቀልኩም።

በማግሥቱ ጠዋት ተሸነፉ። "ተሸከሙኝ። ግን ፈረሴ ተጭኖ ፊት ፊት ይሂድ፤ ፈረስ አጣ እንዳልባል።"

ላየን ሰው ምን እንደሚመስል ማንኛችንም አላሰብንበትም።

ቁልቁለቱ

ስምንት ጎረቤቶች እየተቀባበሉ ተሸከሟቸው። ያጌጠው ፈረስ፣ ኮርቻው ባዶ፣ ከፊት ይሳባል። በአገራችን እንዲህ የሚሄደው የሟች ፈረስ ነው! መጀመሪያ ያየችን ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ "ዋይ!" አለች። ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንዲት አልቃሽም በአገውኛ ሙሾ ታወርድ ጀመር፦ ስለ ደግነታቸው፣ የሙት ልጅ አሳድገው ሰው ስለማድረጋቸው።

ላስቆማት ስል አያ እጄን ያዙኝ።

"ተው፣ ልስማው። ማን ያገኘዋል ይሄን?"

ጨርሳ ስትተነፍስ ቀና አሉና "እግዜር ይስጥሽ! ያሳደግሁት ልጅ ይኸውልሽ፣ ሊያሳክመኝ እየወሰደኝ ነው!" አሏት፣ ባንድ ትንፋሽ። ሴትዮዋ ጮኻ ሮጠች። ተሸካሚዎቹ በሣቅ ቃሬዛውን ሊጥሉት ነበር። እኔ ግን አልሣቅሁም፤ ሙሾው ሆዴን አባብቶት እንባዬን እጠርግ ነበር።

ዳንግላ

ከቆሰበር በመኪና አመሻሽ ላይ ገባን፤ ኦክስጅን ተደረገላቸው። በሦስተኛው ቀን ከንፈራቸው ደም መሰለ፤ ያቺን ሌሊት እኔም እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጸጥ ያለ ደረት ሁሉ የዳነ እንዳልሆነ ከዚህ መንገድ ተማርኩ። የተማርኩትን ሌላውን ግን አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ ለራሳቸው ነገርኳቸው።

"አያ፣ ለእኔ አባቴ እርስዎ ነዎት።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ይሄን ለመስማት" አሉ፣ "የግድ መሞት ነበረብኝ?"